ጋሽ ጀማል ያላሉት ቃል

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም፤ እሁድ እሁድ እጄን ጨብጦ «ተባረክ» የሚለኝ ፓስተሬም አያውቀውም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ እሱም ቢሆን ከፍርሃት እንጂ ከድፍረት አይደለም። ስጽፈው እንኳ ወንበሩ አልቀመጥ ብሎኝ እየተነሳሁ እንጎራደዳለሁ።

ሴንት ፖል ነው፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት መጨረሻ፣ ዊንተር ገብቶ ወንዙ ለጀልባ ሊዘጋ ሲል። እኔና ጋሽ ጀማል ሚሲሲፒ ዳር፣ እህልና ጨው የተጫነባቸውን ባርጆች የሚገፉት ትልልቅ ጀልባዎች ናፍጣ በሚቀዱበት ዶክ ላይ እንሠራ ነበር። ጋሽ ጀማል የጅማ ሰው ናቸው። አማርኛውን ከእኔ ይልቅ ይችሉበታል፤ እንግሊዝኛቸው ግን ከሰላምታ አያልፍም። አለቃችን ሲናገር ለእሳቸው፣ እሳቸው ሲናገሩ ለአለቃችን የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። ቆጥበው የሚናገሩ ሰው ስለሆኑ የሚሉትን ሁሉ አምነው ለእኔ ይሰጡኝ ነበር።

ናፍጣ ሲቀዳ አንድ ሰው ከሆዙ፣ ናፍጣው ከሚያልፍበት ቱቦ፣ አጠገብ ቆሞ ውሃውን ማየት አለበት። ተሰባብሮ የሚንሳፈፈው በረዶ ሲመጣ ጀልባውን ይገፋዋል፤ ጀልባው ሲገፋ ሆዙ ይወጠራል። የጠባቂው ሥራ ያኔ ፓምፑን ማጥፋት ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። በሰመር የፈሰሰ ናፍጣ ውሃው ላይ ተንሳፎ ይታያል፣ ዙሪያውን አጥሮ መሰብሰብ ይቻላል። በብርድ ጊዜ ግን ከበረዶው ሥር ይገባና የት እንደደረሰ አይታወቅም። ይህን ትሬይኒንግ ወስጄበታለሁ። ለጋሽ ጀማልም በአማርኛ ያስረዳኋቸው እኔው ነኝ።

የዚያን ቀን ጠባቂው እኔ ነበርኩ። እኔ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እኩለ ቀን ላይ በስልክ ኮንፈረንስ ይጸልያሉ፤ ከክሪስታል፣ ከፕሊማውዝ፣ ከየሥራ ቦታቸው እየደወሉ ይገባሉ። ጸሎቱን የምመራውም እኔ ነበርኩ። ብርዱ አፍ አያስከፍትም፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሂተሩን ከፈትኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ቶሎ ልጨርስ አስቤ ነበር። ሰዎቹ «አሜን፣ አሜን» ሲሉ ግን ልቤ ሞቀ፣ አስረዘምኩት። እውነቱን ልናገር፣ መደነቅ እወዳለሁ። ማንን ነበር የማናግረው? እግዚአብሔርን ነው ወይስ ስልኩ ላይ ያሉትን ሰዎች?

ዓይኔን ያስገለጠኝ ጩኸት ነው። በረዶው መጥቶ ጀልባውን ገፍቶት፣ ሆዙ ከመጋጠሚያው ሊላቀቅ ደርሶ ናፍጣው ይፈስ ነበር። ጋሽ ጀማል ገመድ ከሚያስሩበት ሮጠው መጥተው ፓምፑን አጥፍተዋል። ጃኬታቸው በናፍጣ ርሶ፣ መጋጠሚያውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የፈሰሰው ከበረዶው ሥር ገብቷል። ከላይ የሚታየው ነጭ ነገር ብቻ ነው፣ ሽታው ግን አፍንጫ ይሰነጥቃል።

አለቃችን ሲደርስ ሆዙ ላይ ያገኘው እሳቸውን ነው። «ማን ነበር የሚጠብቀው?» አለኝ። ጥያቄውን ለጋሽ ጀማል ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ለአለቃው ጎንበስ ብለው፣ «ልጁ እየጸለየ ነበር በለው» አሉ። «አልጠጣም፣ አልተኛም። ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ለዛሬ ይማረው በለው።»

እኔም ተረጎምኩ። «ጠባቂው እኔ ነበርኩ፣ ልጸልይ ሄጄ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ ይላሉ» አልኩት።

እንዴት ብሎ ከአፌ ወጣ? ደንግጬ ነው እንዳልል አልደነገጥኩም፤ ቃላቱን መርጫለሁ። አለቃው ወዲያው አመነ። ለምን አያምን? ጋሽ ጀማል ሙስሊም ናቸው፣ እንደሚሰግዱ ያውቃል። እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። አለቃው ያላወቀው፣ ሰው ሳይተኩ ከቦታቸው ንቅንቅ እንደማይሉ ነው። እኔ አውቃለሁ፤ ለዙሁር፣ ለቀትር ሶላት፣ ሲሄዱ የሚተኩት እኔን ነበር። የራሴን ጥፋት በሰውየው ሶላት ላይ ለጠፍኩት። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይባላል፤ ፈረሱ እኔ ነኝ።

ሠራተኞች መጥተው በረዶውን በመጋዝ እየቆረጡ ናፍጣውን ሲፈልጉ፣ አለቃው «ሁለተኛ እዚህ እንዳይመጣ ንገረው» አለኝ። እኔ ለጋሽ ጀማል ምን አልኳቸው? «ወንዙ ስለተዘጋ ሥራ ቀንሷል፣ በረዶው ሲቀልጥ ይጠሩዎታል» አልኳቸው። አመኑኝ። ሚስታቸውን ከጅማ ለማምጣት ፕሮሰስ ጀምረው ነበር፣ ለእሱ ደግሞ ቋሚ ሥራ ያስፈልጋቸዋል። በረዶው ቀለጠ፣ ጀልባዎቹ ተመለሱ፣ እሳቸው እየደወሉ «ተስፋዬ፣ ምንም አላሉም?» ይሉኛል። «ገና ነው ጋሼ» እላለሁ። በኋላ መደወሉንም ተዉት።

እኔ ናፍጣው በፈሰሰበት ሳምንት እሁድ መድረክ ላይ ቆሜ «ጌታ ከትልቅ አደጋ አወጣኝ» ብዬ መሰከርኩ። ጉባኤው እልል አለልኝ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ከዓመት በኋላ አባቴ አገር ቤት አረፉ። ለቅሶ ሊደርሱኝ ከመጡት መሀል ጋሽ ጀማል ነበሩ፣ ውሃ በካርቶን ተሸክመው። አሁን ማታ ማታ ቢሮ እንደሚያጸዱ ነገሩኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ቀን በጣም ፈርቼልህ ነበር» አሉኝ። «አለቃው ልመናዬን ሰምቶ ማረህ አይደል? አልሃምዱሊላህ። እኔ ለሰው ለምኜ የሰመረልኝ ያን ቀን ነው።»

«አዎ ጋሼ፣ በእርስዎ ነው የተረፍኩት» አልኳቸው። ለእሳቸው ከነገርኳቸው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነው። ደስ ብሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ለምን ያኔ አልነገርኳቸውም? ሐዘን ላይ ስለነበርኩ? ሐሰት ነው። ሰው ሁሉ እያየኝ ስለነበር ነው።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተ ምን አጣችሁና ነው ይቅር የምትሉኝ? ከእሳቸው በፊት ለእናንተ መንገሬም ያው ፍርሃቴ ነው። ያጡት እሳቸው ናቸው፤ ሚስታቸው ዛሬም ጅማ ናቸው።