ሐኪሙ የደነገጠ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ የራያን ቆላ ሰው ከቤቱ ማስወጣት በጀመረበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያስተማርኳቸውን ልጆች ስም እንኳ በመንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ እየተምታታብኝ አፍራለሁ። ይህን ግን አልረሳሁም። ሰው አጠገቤ «ወይ ጉድ!» ባለ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ በአገራችን ደግሞ «ወይ ጉድ» ሳይባል የሚመሽ ቀን የለም።

ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ቆቦ በእንግሊዝኛ መምህርነት ስመደብ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። በሁለተኛው ዓመቴ ከከተማው ጫፍ፣ ሜዳው ላይ፣ የሕክምና ድንኳን ተተከለና አንድ ኩባዊ ሐኪም መጣ። ዶክተር ራሞን ይባላል። ቋንቋው ስፓኒሽ ነው፤ እንግሊዝኛው ስብርብር ቢልም ያግባባል። አስተርጓሚ ሲጠፋ የቀበሌው ሰዎች እኔን ጠሩኝ። «እንግሊዝኛ አይደል የምታስተምር?» አሉኝ። በዚያ ዘመን «አይመቸኝም» ማለት ራሱ አይመችም፤ ሄድኩ። ጠዋት ድንኳን፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል ሆነ ሥራዬ።

እንደ ዶክተር ራሞን በሁሉም ነገር የሚገረም ሰው አላየሁም። ግመል ጨው ጭኖ ሲያልፍ «ካራምባ!» ይላል። ሰው ጥሬ ሥጋ በጩቤ እየቆረጠ ይበላል ስለው «ኖ ሜ ዲጋስ!» ይላል። ቃል በቃል «እንዳትነግረኝ» ማለት ነው፤ እሱ ግን ጨርሰህ ንገረኝ ማለቱ ነው። እንግሊዞቹም «ዩ ዶንት ሴይ» ሲሉ ያው ናቸው፤ አልተናገርክም እያሉ ያናግሩሃል።

መምህር ነኝና ደብተር ገዛሁ። በግራ በኩል ስፓኒሹን፣ በመሃል እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን መጻፍ ጀመርኩ። ለ«ካራምባ» «ጉድ ነው!» አልኩ። ለ«ኖ ሜ ዲጋስ» «ኧረ ባክህ!» አልኩ። «ዲዮስ ሚዮ» ላይ ስደርስ እንግሊዝኛው ቀላል ነበር፤ «ማይ ጋድ» ነው። አማርኛው ግን አልመጣልህ አለኝ። የድንኳኑን ወተት የምታፈላውን እትዬ ትብለጥን ጠየቅኳት። የቆቦ ተወላጅ ናት፤ የማታውቀው የቤት ጣጣ የለም።

«ስትደነግጪ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«እኔ በስመአብ እላለሁ፣ ጎረቤቴ ያ አላህ ትላለች። ከደነገጥን ወዲያ ደግሞ ዝም ነው የምንል። የቱን ልትጽፈው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ቦታውን ክፍት ተውኩት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከዋጃ በታች ካለ ቀበሌ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ መጣች። ሰዓዳ ትባላለች። መንገድ ላይ አድራ ነው የደረሰችው፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። ልጁ ሁለት ዓመቱ ነው አለች። ዶክተሩ አስተኝቶት የተጠቀለለበትን ጨርቅ ገለጠ።

ከዚያ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ «ዲዮስ ሚዮ! ዲዮስ ሚዮ!» አለ።

እንደዚያ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ በፊት ሲገረም ፊቱ ይፈካ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከንፈሩ ደረቀ። ልጁ ቆዳና አጥንት ብቻ ሆኗል። የቀረው ዓይኑ ነው፤ ትልልቅና ጥቁር ዓይን፣ ሁላችንንም ተራ በተራ የሚያይ።

ሰዓዳ የዶክተሩን ፊት አየች። ወደ እኔ ዞረችና «ምን አሉ ሐኪሙ?» አለችኝ።

እናቴ ያሳደገችኝ ከታመመ ሰው ፊት አይደነገጥም እያለች ነው። ጠያቂ ሆነህ ስትገባ በሽተኛው ሊሞት የደረሰ ቢሆን እንኳ «ዛሬስ ደህና ነህ፣ ፊትህ ጥሩ ነው» ትላለህ እንጂ ራስህን አትይዝም። እኔም የዶክተሩን ድንጋጤ ከሴትየዋ ልደብቅ ፈለግኩ። መልካም ማድረጌ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ መልካም ማድረጌ ነበር።

«‹እንዴት ያለ ቆንጆ ልጅ ነው! ዓይኑስ እንዴት ያምራል!› ነው የሚለው» አልኳት።

ሰዓዳ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጁን ፊት ሸፈነች።

«ማሻአላህ አሉ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«እሱን እንኳ አላለም።»

«እንትፍስ አሉበት?»

ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ። «ፈረንጅ እንትፍ ማለትን ከየት ይወቀው ብለሽ ነው!» አልኳት።

ልጅን በባዶ አፍ ማድነቅ ዓይን ማሳረፍ እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ደብረ ማርቆስም ያው ነው፤ የእኔም እናት ማንም ሲያደንቀኝ «እንትፍ እንትፍ በሉበት» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ግን በዕድገት በኅብረት ዘምቼ፣ ዓይነ ጥላና ቡዳ የኋላ ቀርነት ምልክት ናቸው እያልኩ ገበሬ ሰብስቤ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የነቃሁ ነበርኩ። የነቃ ሰው አጠገቡ ያለው ሰው ምን እንደሚፈራ አይታየውም።

ዶክተሩ ልጁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መተኛት እንዳለበት፣ በየሁለት ሰዓቱ ወተት በትንሽ በትንሹ እየተሰጠው ሊድን እንደሚችል ነገረኝ። አስተረጎምኩ። «እሺ» አለች። ጉሉኮስ ተሰካለት። እኔም ሰው የረዳሁ መስሎኝ እያፏጨሁ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

በማግስቱ ስመጣ ሰሌኑ ባዶ ነው። የጉሉኮሱ ገመድ ተንጠልጥሎ መሬቱን አርሶታል። እትዬ ትብለጥ ድስቷን ትታ መጣችብኝ።

«ምን ብለህ ነው ያስተረጎምክላት?»

ነገርኳት። ሁለት እጇን አጨበጨበች።

«አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? የፊተኛውን ልጇን ሰው ገበያ ላይ አይቶ ‹ሲያምር› ብሎባት ነው በሦስተኛው ቀን የቀበረችው። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት እኮ። ‹ፈረንጁ ዓይኑን አይተውበታል፤ እዚህ ካደረ አይነጋለትም፤ ሼኩ ጋ ልውሰደውና ያስቀሩልኝ› ብላ ጎህ ሳይቀድ ወጣች።»

ዶክተር ራሞን ሲመጣ ባዶውን ሰሌን ቆሞ አየው። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ጠየቀኝ። «ስደነግጥ አይታኝ ነው የሄደችው? ፊቴን አይታ አይድንም ያልኩ መሰላት?»

እዚያው ላይ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። እኔ ግን «ምናልባት» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው መገረም አቆመ። ግመል ሲያልፍ ቀና ብሎ አያይም። ከአንዱ ሰሌን ወደ ሌላው ሲሄድ ፊቱ እንደ ግድግዳ ነው። ደብተሬ ላይ የምጽፈው አዲስ ቃል ጠፋ።

ቅዳሜ ትምህርት ስላልነበረ የሰዓዳን ቀበሌ ከመዝገቡ ላይ ገልብጬ በእህል መኪና ወደ ዋጃ ሄድኩ። ኬላው ላይ አስወርደው ፈተሹን፤ የት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ «የታመመ ልጅ ልጠይቅ» አልኩ። ከዋጃ በእግሬ ወደ ቆላው ወረድኩ። ማሳው ሁሉ ያለፈው ዓመት የማሽላ ግንድ ብቻ ነው። በልቤ የማዘጋጀው ልመና ነበር፤ እንዴት ብዬ እንደማሳምናት፣ ሼኩንም ራሳቸውን ይዤ ቢሆን እንደምመልሳት።

ቤቷን የጠየቅኩት ሽማግሌ በዱላቸው አሳዩኝና «ለተዝያ መጥተህ ነው?» አሉኝ፤ ለቅሶ ልትደርስ ነው ወይ ማለታቸው ነው። ልመናዬ እዚያው ቀረ።

ሰዓዳ ግድግዳዋን ተደግፋ ጥላው ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ልትነሳ ሞከረች። «ኧረ ተቀመጪ» ብዬ አጠገቧ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ ሐሙስ ዕለት እንዳለፈ ነገረችኝ። እንደ ደንቡ «አላህ ያጽናሽ» ብዬ መነሳት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

«ሰዓዳ፣ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «ሐኪሙ ልጅሽን አላደነቀም። ቆንጆም፣ ዓይኑ ያምራልም አላለም። ደንግጦ ነው። አምላኩን ነው የጠራው። እንዳትፈሪ ብዬ ነው የቀየርኩት።»

ትጮህብኛለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ደነገጡ?» አለች በመጨረሻ። «ለኔ ልጅ ደነገጡ?»

«አዎ።»

«ይህን ብትሉኝ ኖሮ እኮ እቀመጥ ነበር፣ መምህር። እዚህ አገር ለኔ ልጅ የሚደነግጥ ሰው አልቀረም። ሁሉም የየራሱን እየቀበረ ነው። የደነገጠ ሰውማ አዝኗል፤ ያዘነ ሰው ጋ ልጅ ይተዋል።»

ከዚያ መልሳ እኔኑ አጽናናችኝ። «አብሽሩ። ቀኑ ደርሶ ነው» አለችኝ። የሰጠችኝን ውኃ ጠጥቼ ተነሳሁ። እስከ ዋጃ ድረስ ፊቴን የጠረግኩት ላብ የምጠርግ መስዬ ነው።

ዶክተር ራሞን ከጥቂት ወራት በኋላ ሊሄድ ሲል ሊሰናበተኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። አቅፎኝ «እዚህ አገር አንድ ነገር ተማርኩ፤ በበሽተኛ ፊት አለመደንገጥን» አለኝ። ያኔም መናገር እችል ነበር። መኪናው እየጠበቀው ነው፣ ለምን አሁን ላስከፋው ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት። ዋናው ምክንያት ግን ፈሪ መሆኔ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ደብተሩ አለ፤ ጠርዙን አይጥ በልቶታል። ከዋጃ በተመለስኩ ዕለት «ዲዮስ ሚዮ» ትይዩ፣ ባዶ በተውኩት ቦታ ላይ «ደነገጠልሽ» ብዬ ጽፌያለሁ። ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። ሰዓዳ እውነቱን ከእኔ ሰምታለች፤ እሱ ትንሽ ያሳርፈኛል። የማያሳርፈኝ የዶክተሩ ነገር ነው። በሕይወት ካለ አርጅቷል፤ አገሩ ሆኖ፣ አንዲት እናት ፊቱን አይታ ልጇን ይዛበት እንደሄደች እያሰበ ይሆናል። ለዚያ ልጅ በእውነት የደነገጠው እሱ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ጥፋተኛ አድርጌ ወደ አገሩ ሰደድኩት።