ያልጎረስኩት ጉርሻ

ይህ የደረሰብኝ አምና ነው፤ ጥምቀት አልፎ ሁዳዴ ሳይገባ ባለው የፍስክ ሰሞን። እስካሁን ሰው ሰውን ሲያጎርስ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በእኛ አገር ደግሞ ጉርሻ የማይታይበት ቀን የለም።

የዝና እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ልጆቻችንን አብረን ነው ያሳደግነው፤ የቤቴን ቁልፍ የምተወው እሷ ዘንድ ነበር። ልጇ ሰብለ ዐረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ነፍሰ ጡር ሆና መጣች። አባቱ ማን እንደሆነ አልተናገረችም። የዝና አፍራ ገበያ እንኳ መውጣት ተወች። እኔ ግን እግሬ ከቤታቸው አልጠፋም፤ ሰብለ ሴት ልጅ ስትገላገልም አጥሚት እያፈላሁ አረስኳት።

ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሣ ሆነ። የዝና የሰውን አፍ ለመዝጋት ብላ ድግሱን ደመቅ አደረገችው፤ አምበር ከተማ ያሉ ዘመዶቿን ሳይቀር ጠራች።

ችግሩ እኔ በዚያ ሰሞን ቀኖና ላይ ነበርኩ። የንስሐ አባቴ ከሥጋና ከወተት ተከልክዬ እንድጾም አዘውኛል። ምክንያቱ በእኔና በእሳቸው መካከል ይቅር። ቀኖና ለሰው አይወራም፤ ከተወራማ ታይታ ይሆናል። በጾም ወራት ቢሆን ከአገሩ ጋር ተመሳስዬ አልፈው ነበር። በፍስክ የሚጾም ሰው ግን መደበቂያ የለውም።

በዋዜማው ዶሮውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ራሴን ላመስግንና፣ በሰፈራችን ለዶሮ ወጥ የምጠራው እኔ ነኝ። ሽንኩርቱን ስከትፍ፣ ሳቁላላ ዋልኩ። ጨው መቅመሱ ላይ ስደርስ ማንኪያውን አጠገቤ ላለችው ሴት ሰጠኋት። ልብ ያለኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

በማግሥቱ ሕፃኗ ተጠምቃ ተመለሰች፤ ቤቱም በሰው ሞላ። እኔ ሳህን ሳላነሣ ጠላ እየቀዳሁ፣ እንጀራ እየጨመርኩ ወዲያ ወዲህ አልኩ። አሳላፊ መቼ በላ ብሎ የሚጠይቅ የለም ብዬ ነው። የዝና ግን ጠየቀች። ከዶሮው ለይታ፣ ጠቅልላ፣ በአምበር ዘመዶቿ ፊት መጣችና ስለ ሕፃኗ ብዬ እንድጎርስ ለመነችኝ። ሁሉም ዞረው አዩን።

ሆዴን አሞኛል አልኳት። ከንጋት ጀምሬ ስሮጥ የዋልኩ ሴት! ሌላ ሰው ቢለኝ እኔም አላምነውም ነበር።

“በማርያም” አለችኝ።

“አልችልም የዝና።”

እጇ እዚያው አፌ ሥር ቆየ። ወጡ በጣቶቿ መካከል ወደ ክንዷ ወረደ። ከዚያ ጠጋ ብላ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረች።

“ትናንትም አልቀመስሽም አሉኝ። እኔ ነኝ ያላመንኳቸው። የልጄን ድግስ ተጸየፍሽው አይደል?”

“ኧረ የዝና፣ እኔኮ…” ብዬ ጀመርኩ። ቀጥሎ የሚመጣው የማይነገረው ነገር ነው።

“ፈራጁ እግዚአብሔር ነው። አንቺን ማን ሾመሽ?”

ሰብለ ልጇን ታቅፋ መጋረጃው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሰምታለች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም፤ የሕፃኗን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችው። በጓሮ በር ወጥቼ ቤቴ ገባሁና አለቀስኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ጭራሽ አለመጉረስ ምን እንደሚያደርግ ግን የነገረኝ የለም።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ብነግራቸው አዘኑ። “ምነው ልጄ፣ ቀድመሽ ብትጠይቂኝ ለዕለቱ እፈቅድልሽ ነበር” አሉኝ። መጠየቅ እንደሚቻል ፈጽሞ አልታሰበኝም ነበር። ሄጄ እውነቱን እንድነግራት ፈቀዱልኝ።

ነገርኳት። በሯ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ “ጾመኛ መሆንሽን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው? እንግዲህ አንቺ ጻድቅ፣ እኛ ኃጥአን” አለችኝ። ቀኖና የሚሰጠው ለጻድቅ እንዳልሆነ ላስረዳት ብሞክር በሩን ዘጋችው። ብናገር ተመጻደቅሽ፣ ዝም ብል ተጸየፍሽ፤ የቱን ልያዝ?

ፋሲካ አልፎ የማርያም ማኅበር ተራዬ ደረሰ። የዝናም ማኅበርተኛ ናትና መጣች። ደስ ብሎኝ ካለው ሁሉ ደኅናውን መርጬ ጠቀለልኩና ላጎርሳት ወደ እሷ ሄድኩ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ “ይቅርብኝ፣ ጤናም የለኝ” አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ያዩናል። ጉርሻውን ይዤ ቆምኩ፤ የት እንደማስቀምጠው እንኳ ጠፋኝ።

ዛሬም መንገድ ላይ ስንገናኝ ደኅና ነሽ ወይ እንባባላለን፤ ከዚያ አያልፍም። ሰብለ ልጇን አዝላ በደጄ ስታልፍ ነጠላዋን እስከ ሕፃኗ ራስ ድረስ ትስበዋለች፤ ምናልባት ለፀሐዩ ይሆናል። በማኅበሩ ቀን የዝናን እውነት አሟት ይሁን፣ ብድሯን መመለሷ ይሁን፣ ወይም እንደ እኔ የማይነገር ነገር ኖሯት ይሁን አላውቅም። ሄጄ እንዳልጠይቃት ደግሞ፣ ብትነግረኝ የማምናት አይመስለኝም።