ማክሰኞን የረሳው ዓሣ አጥማጅ

አባባ ኤሲልፊ፣ በአገራቸው አጠራር ኤግያ ኤሲልፊ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ የጋና ጠረፍ በድርቅ ተመታ። ካሳቫው መሬት ውስጥ ደረቀ፤ ባሕሩም ዓሣ ነፈገ። በዚያ ዓመት እናታቸውንና ሦስት ታናናሾቻቸውን በሕይወት ያቆዩት፣ ከባሕሩ ጋር ከሚገናኘው ሐይቅ ማዶ ባለው አሸዋ ላይ የሚያርፉትን ነጫጭ የባሕር ወፎች በወጥመድ እየያዙ ነበር። ሲያድጉ ዓሣ አጥማጅ ሆኑ። በኋላም ስፍራው ለአራዊት ተከልሎ የጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ጠባቂ አድርጎ ቀጠራቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወፎቹን ከልጆች ወጥመድ ሲከላከሉ ኖሩ።

ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው መሥሪያ ቤቱ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ተፈጥሮን የሚያዩበት ቀን አዘጋጀ። ቀኑን እንዲመርጡ የተጠየቁት እሳቸው ናቸው። ጨረቃዋን አይተው፣ ውኃው እኩለ ቀን ላይ ሸሽቶ ወፎቹ አሸዋው ላይ የሚሰፍሩበትን ቀን ቆጠሩና «አሥራ አራተኛው ይሁን» አሉ። ልጃቸው አራባም የስምንት ዓመት ልጇን ባባን ይዛ ከቴማ ከተማ መጣች። ባባ ስለ ወፎቹ ከአያቷ በስልክ ትሰማለች እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም። የዚያኑ ዕለት ይመለሳሉ።

ስድሳ ያህል ሰው ሐይቁ ዳር ተሰበሰበ። ሰዉን ወደ ማዶ የሚያሻግሩት ታንኳዎች አሸዋው ላይ ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸው ቁጭ ብለው መረብ ይጠግናሉ።

«በሉ እንጂ፣ ግፏቸው!» አሉ ኤግያ ኤሲልፊ።

የሚነሳ ጠፋ። የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ኤግያ ቤንትሲል ቀና አሉ። «ዛሬ ምንድን ነው?»

«አሥራ አራት።»

«ቁጥሩን ማን ጠየቀህ? ቀኑን ነው እንጂ!»

ያኔ ኤግያ ኤሲልፊ ክው አሉ። ማክሰኞ ነበር። በጠረፉ ወግ ማክሰኞ ባሕሩም ሐይቁም ያርፋሉ፤ ታንኳም ሆነ ጀልባ ውኃ አይነካም።

«ደመወዝ ለካ ማክሰኞን ያስረሳል!» አለ አንዱ።

«ተወው ባክህ፣ ዩኒፎርሙ ላይ አልተጻፈለትም!» አለ ሌላው። ሳቁ አካባቢውን ሞላው።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ወጣቱ ክዋንሳ፣ በንዴት ቀረበ። «አባባ፣ የኛ ሞተር ጀልባ አለች አይደል? እርስዎ ይንዱልን።»

«አልነዳም።»

«መንገዱን ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ የለንም እኮ!»

«እነሱ ያውቃሉ። ጠይቃቸው።»

ባባ የአያቷን እጅጌ ጎተተች። «ናና፣ ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ!»

አራባን ብስጭቱ አላስችል አላት። «ኤግያ፣ ከሥራ ፈቃድ ለምኜ ነው የመጣሁት! አንዲት ማክሰኞ ብትሻር ባሕሩ ይደርቃል?»

«አይደርቅም።»

«ታዲያ?»

ኤግያ ኤሲልፊ ዞር ብለው ልጆቹን ማሰለፍ ጀመሩ።

ለስድሳ ሰው የነበረው አንድ የሩቅ ማያ መነጽር ነው። ባባ ወረፋዋ ሲደርስ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች።

«ነጭ ነገር ይታየኛል። ጨው ነው?»

«ወፎቹ ናቸው» አሉ አያቷ።

«አይንቀሳቀሱም።»

«ሩቅ ሆነውብሽ ነው። ትንሽ ጠብቂ...»

«ተራዬ ነው!» ብሎ ከኋላ የቆመው ልጅ መነጽሩን ወሰደው። ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ፤ እናትና ልጅ ተሳፍረው ሄዱ።

የዚያን ቀን ነገር ሲነሳባቸው ኤግያ ኤሲልፊ ዛሬም ፊታቸው ይቀየራል። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላሉ። «ቀኑን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ሳታይ መሄዷ እስካሁን ያንገበግበኛል። ግን በማግስቱ ረቡዕ ከነዚያ ሰዎች ጋር መረብ ስጠግን አንገቴን አልደፋሁም። በዕድሜዬ ከሁሉ የበለጠብኝ እሱ ነው፤ ከወገኔ እኩል መቀመጥ።»