እንግዶቹ እስኪሄዱ

ካርቱም ውስጥ በሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ዕረፍታችን ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነበር። ጁምዓ ተሰግዶ፣ የጌቶቻችን ምሳ ተበልቶ፣ ሳህኑ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ያለችው ጊዜ የኛ ናት። ለሴቶች ችግር መፍትሔ ይሰጣል ተብሎ የተከፈተው የመንግሥታችን ቢሮ ደግሞ ዓርብ ዝግ ነው። ከእሑድ እስከ ሐሙስ በሩ ወለል ብሎ ይውላል፤ ያን ጊዜ እኛ ሪያድ ሰፈር የሰው ቪላ እንወለውላለን። ይሄን ያቀደው ሰው ወይ ምንም አላሰበበትም፣ ወይ በደንብ አስቦበታል። እኔ በደንብ አስቦበታል ባይ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ከወሎ ወጥቼ ካርቱም ከገባሁ ዓመታት አልፈው ነበር። አርካዊት ሰፈር ከአንዲት ጎንደሬ ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እኔ እሰግዳለሁ፣ እሷ ትጾማለች፤ በሷ ሁዳዴ እኔ ቤት ውስጥ ሥጋ አላስገባም፣ በኔ ረመዳን እሷ ፊቴ ውሃ አትጠጣም። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ስቆጣ ደግሞ አፌ ይያዛል። እሷ ግን ስትናገር ሰው ያዳምጣታል። በአረብኛም ይሁን በአማርኛ፣ የአውቶቡስ ረዳትም ይሁን ፖሊስ፣ እሷ አናግራው ያልለዘበ ሰው አላየሁም። በዚህ እኮራባት ነበር። ዘመድ በሌለበት ሀገር ሰው በጓደኛው አፍም ይኮራል።

ቢሮው እኛን የሚያስታውሰን በዓል ሲደርስ ነው። "እህቶቻችን፣ እንደተለመደው" የሚል መልእክት ይመጣል። እንደተለመደው ማለት ወጡን ሥሩ፣ ሀበሻ ቀሚስ ልበሱ፣ እንግዳ ሲገባ እልል በሉ ማለት ነው። የዚያን ዓመት በዓሉ ሲቃረብ ጓደኛዬ አንድ ዓርብ ሴቶቹን ሰብስባ "ዘንድሮ ወጥ የለም በሏቸው" አለች። "ከፈለጉ እንግዳቸውን ፉል ገዝተው ያብሉ።" ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን እውነትም ለምን አይሆንም ተባባልን። የምንጠይቀው ብዙ አልነበረም፤ ከአሠሪ ቤት አምልጠው ለሚወጡ ልጆች ማደሪያ የሚሆን አንድ ክፍል፣ ከዚያ ደግሞ ዓርብ የሚከፈት በር።

የቢሮው ኃላፊ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ መከረን፣ በዓሉ አፍንጫው ሥር ሲደርስ ክፍሉን ሰጠን። የዓርቡን ነገር "እናየዋለን" አለ። የተሰጠን ክፍል ግቢው ጀርባ የተሰባበረ ወንበር የሚጣልበት ነበር። ወንበሩን አውጥተን፣ የርግቡን ኩስ ፍቀን፣ ኖራ ቀባነው። ፍራሽ ያመጣች አለች፣ ማራገቢያ ያመጣች አለች፤ እኔ መዳሜ ልትጥለው የነበረውን ምንጣፍ ተሸክሜ መጣሁ። የሴቶች ተወካይ ይመረጥ ሲባል ብድግ ብዬ ጓደኛዬን ጠቆምኩ። ቁልፉ እሷ እጅ ገባ። በበዓሉም ወጡን ሠራን፤ ያውም ከሌላው ጊዜ አሳምረን። መንግሥት ሰማን ብለን ነዋ!

እዚያ ክፍል ከተጠጉት መሐል አንዷ የሀገሬ ልጅ ነበረች፤ ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ካለ ገጠር የመጣች። ሪያድ ሰፈር ከነበረችበት ቤት የወጣችው በቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ነው። የቤቱ ልጅ የምትተኛበትን በር ይገፋባት ነበር፤ ለመዳሟ ብትነግራት መዳሟ እሷኑ መታቻት። ፓስፖርቷ እዚያው ቀረ። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሀገሯ የሚያስገባት ሌሴ ፓሴ። ይሄን የጉዞ ወረቀት የሚሰጠው ደግሞ ይኸው ቢሮ ነው። "ቡክራ" ይሏታል፣ ነገ ማለታቸው ነው። ነገ ሲደርስ ሌላ ቡክራ ይመጣል።

ወረቀት የሌለው ሰው መንገድ ላይ ከሻ ከደረሰበት አለቀለት። ከሻ የምንለው ፖሊሶች መኪና አቁመው ሰው የሚያፍሱበትን ነው። ስለዚህ ልጅቷ ከግቢው አትወጣም ነበር። ዓርብ ዓርብ ስሄድ በሩ ሥር ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ጸጉሯን እየሠራሁላት ስለ ታናናሽ እህቶቿ ታወራኛለች፤ የትኛዋ እንደምታስቸግር፣ የትኛዋ ጥርሷን እንደቀየረች። "አብሽሪ፣ ትገቢያለሽ" እላታለሁ። እንደምትገባም አምን ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የሴቶችን እኩልነትና ለሴቶች የሚደረገውን ድጋፍ የሚከታተሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው አሉ። ማረፊያውን ያያሉ፣ ከዚያ ስብሰባ ይኖራል፣ ቀኑም ዓርብ ነው። ደስታዬን አልችል አልኩ። ከኃላፊው በላይ ካለ ሰው ጋር ፊት ለፊት ልንገናኝ ነው! ከጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን መከርን። ልጅቷ ራሷ ትነሣና ወረቀቷን በእንግዶቹ ፊት ትጠይቅ፣ እዚያ መሐል እምቢ ማለት ያፍራሉ አልኩ። ጓደኛዬም "ጥሩ አስበሻል" አለችኝ። ልጅቷን አለማመድኳት። "ከምሠራበት ቤት ተበድዬ ወጣሁ፤ ወረቀቴን ስጡኝና ሀገሬ ልግባ" ብቻ ነው የምትለው። ድምጿ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን እስከ መጨረሻው ትለዋለች።

ያን ዓርብ መዳሜን ለምኜ ቀደም ብዬ ወጣሁ። የግቢው በር ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ክፍላችን መጋረጃ ተደርጎለት፣ ፍራሾቹ አበባ ያለበት አንሶላ ለብሰው፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ ሴቶች ተቀምጠውባቸዋል። ከነሱ አንዷንም አላውቃትም። የቢሮው ሰዎች ሚስቶች ናቸው አሉኝ። የኛን ፍራሽ ይዘው ድጋፍ ያገኙ ሴቶች ሆነው ሊታዩ ነው። ያን ሰሞን ክፍሉ ውስጥ የቀረችው ያቺ ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷ ግን የለችም።

"የት ናት?" አልኳት ጓደኛዬን።

"ገበያ ልኬያት ነው። እንግዶቹ እስኪሄዱ።"

"ወረቀት ሳይኖራት? አብደሻል እንዴ?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ኃላፊው ነው እንዲህ ሆና እንዳያዩአት ያለው። እዚያው ሱቆቹ ጋ ቆይ፣ ሲሄዱ እንጠራሻለን ብያታለሁ። ለትንሽ ሰዓት ምን ትሆናለች? ያላ፣ ግቢና ተቀመጪ።"

ደሜ ፈላ። ልጅቷን ልፈልግ ልውጣ ስል እንግዶቹ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። እልልታው ቀለጠ። ክፍሉን ዞረው አዩ፣ አንሶላውን በእጃቸው ነኩ፣ ከሚስቶቹ ጋር ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ሥር ተቀመጥንና ስለ እኩልነት ብዙ ተወራ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረገች ሴትዮ፣ "መንግሥታችሁን የምትጠይቁት ነገር ካለ ሳትፈሩ ጠይቁ" አለች። እጄን አወጣሁ።

"እመቤቴ፣ እዚያ ፍራሽ ላይ የምትተኛው ሌላ ናት" አልኩ። "እናንተ እንዳታዩአት አስወጥተዋታል። ወረቀት የላትም። ወረቀቷን ስጧት።"

ሴትዮዋ ወደ ኃላፊው ዞረች፣ ኃላፊው ወደ ጓደኛዬ። "የሴቶች ተወካያችን ብትመልስ ይሻላል" አለ። ጓደኛዬ ድምጽ ማጉያውን ተቀበለች። እኔ እፎይ አልኩ። አፍ ያላት እሷ ናት፣ እኔ የጀመርኩትን አሁን ትጨርሰዋለች ብዬ።

"እህታችን የጠቀሰቻት ልጅ አገልግሎቱን አግኝታ ባለፈው ሳምንት ሀገሯ ገብታለች" አለች፣ በዚያ በማውቀው ለስላሳ ድምጿ። "እህታችን የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ስለሆነ አልሰማችም።"

ተጨበጨበ። "ውሸት ነው!" ብዬ ጮህኩ፣ ከዚያ በላይ ግን አፌ ተያዘ። ዘፈን ተከፈተ። ሚስቶቹ እልል አሉ፣ ሴትዮዋም እያጨበጨበች ተነሣች። ጓደኛዬ ወደኔ አላየችም። ዓርብ ብቻ የምትመጣ! ዓርብ ይከፈት ብለን አብረን ወጥ የከለከልን ሴቶች ነን እኮ። ያንን ራሱን አንሥታ መታችኝ።

ልጅቷ አልተመለሰችም። እንግዶቹ ሲወጡ እየሮጥኩ ገበያ ሄድኩ። ሱቆቹ ጋ ሻይ የምትሸጥ የኛ ሀገር ሴት ነበረች። "ከሻ ነበር" አለችኝ። "በነጠላ ጫማ የነበረችውን ልጅ መኪና ላይ ጫኗት። ሩጪ ብላት ጊዜ፣ እዚሁ ቆይ ተብያለሁ አለችኝ።"

እሑድ ከሥራ ቀርቼ ቢሮው ሄድኩ። በተከፈተበት ቀን ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ናት። ሥራ እንደሰጧት እዚያ አየሁ። እቤት አልነገረችኝም፤ ከዓርብ ወዲህ እቤት አላደረችም። ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ።

"አስፈቷት" አልኳት። "የኛ ናት ብላችሁ አንድ ደብዳቤ ጻፉ፣ ይሰጧችኋል።"

"እንዴት ብለን? ለእንግዶቹ ሀገሯ ገብታለች ብለናል። አሁን እስር ቤት ናት ብለን ብንጽፍ ምን ይሉናል?"

"እናንተ እነማን ናችሁ?"

ወደ ጠረጴዛዋ ዞር ብላ አየች። ከዚያ እንባ ባቀረረ ዓይን "ክፍሉ እንዳይዘጋ ብዬ ነው" አለችኝ። "ባይወዱልን ይዘጉት ነበር። ለአንዷ ብለን የብዙዎቹን እንጣ? ወላሂ በይኝ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?"

በኔ መሐላ እኔኑ ስታስምለኝ ልቤ ስንጥቅ አለ። አልማልኩላትም። ክፍሉን ልየው ብዬ ወደ ጀርባ ሄድኩ። ተቆልፏል። በመስኮቱ ሳይ አንሶላዎቹ ታጥፈው ተነሥተዋል፤ ከተሰባበሩት ወንበሮች ጥቂቶቹ ተመልሰው ገብተዋል። ተከትላኝ መጥታ ነበርና ቁልፉን ጠየቅኳት። ኃላፊው ጋ ነው አለችኝ፣ የተናገረችው ለራሷም እየተሰማት።

ስለ ኃላፊው ብዙ አልናደድም። ከሱ የጠበቅኩት ነገር ትንሽ ነበር፣ ትንሹንም አላደረገም። መነጽር ያደረገችውም ሴትዮ ሳትፈሩ ጠይቁ ብላ ስንጠይቅ ያጨበጨበች ናት፤ እሷንም ረስቻታለሁ ማለት እችላለሁ። ያልተውኩት ሌላውን ነው። እኛ ያለን አንድ አፍ ነበር፤ እኔ በእጄ ጠቁሜ አስመርጬው፣ ወስደው በኛው ላይ ተናገሩበት። ጓደኛዬ ዕቃዋን የወሰደችው እኔ ሥራ በዋልኩበት ቀን ነው። ረመዳን ሲገባ ውሃ ፊቴ የማትጠጣ ሰው አብራኝ አልነበረችም፤ በሷ ሁዳዴ ግን እኔ ከልማድ የተነሣ ሥጋ ሳልገዛ ቆየሁ። በዚህ በራሴ በጣም ተናድጃለሁ።

የሚቀጥለው ዓርብ በአውቶቡስ ድልድዩን ተሻግሬ ኦምዱርማን፣ ሴቶች ወደሚታሰሩበት ግቢ ሄድኩ። ዳቦና ተምር ይዣለሁ፣ ጫማም ገዝቼላታለሁ። ዘበኛዋን ብዙ ለመንኳት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ልጅቷን ሽቦው ጋ አመጡልኝ። የሠራሁላት ጸጉር ግማሹ ተፈትቷል፣ አንድ እግሯ ባዶ ነው። ስታየኝ ፊቷ በራ። ጫማውን ሳሳያት እንኳ አላየችውም። ጣቶቿን በሽቦው ቀዳዳ አስገብታ ያዘችኝ።

"እትዬ፣ እንግዶቹ ሄዱ?" አለችኝ።

"ሄደዋል" አልኳት።

"ታዲያ ለምን አልጠራችሁኝም?"