በቦራ የተገዛው ካርድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። በኮምፒውተር ሥዕል መሥራት ልማር ብላ ቤቱን ስታምሰው ከርማለች። «አባ፣ የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይሻለኛል? ይሄ ወይስ ይሄኛው?» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ሁለት ጥቁር ካርቶን፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል፣ አንድ ዓይነት ቁጥር። የአንደኛው ቁጥር ጭራ ላይ ብቻ ሁለት ፊደል ተለጥፏል። ከሥር አንድ የተሰረዘ ዋጋ አለ፣ አንድ ያልተሰረዘ አለ፣ ከዚያ ደግሞ «ለትክክለኛው ዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል።

መዳፌን አላበኝ። በደባርቅ ውርጭ፣ ጋቢ ደርቤ፣ መዳፌን አላበኝ! ልጄ ሳቀችብኝ። «አባ ደግሞ፣ እባብ ያየህ እኮ ነው የምትመስለው» አለች። ሳቋ ደግ ነው፤ አልፈረድኩባትም። ይህን ታሪክ ነግሬያት አላውቅማ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብር ነበር። ኮምፒውተሬ አሮጌ ናት፤ ሙሽራው ሙሽሪትን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ ድርቅ ትላለች። ወጥቼ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ሰውዬው አሁንም እጁን እንደዘረጋ ነው። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ሠርጉ እንደ ጉድ ይመጣል። የአምስት ሙሽራ ሥራ አስቀድሜ ተቀብዬ፣ አንዱንም ለመጨረስ አቅም አልነበረኝም። ጎንደር ኮምፒውተር የሚጠግን አሥራት የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ በስልክ ሳማክረው «የጎደለህ ቪዲዮውን የሚያፈጥን ደኅና ግራፊክስ ካርድ ነው» አለኝና ባለአራት አሃዝ ቁጥር ነገረኝ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩት።

አባቴ ከቡይት ራስ ወዲህ ገብስ የሚያርሱ ሰው ነበሩ። ሁለት በሬ ነበራቸው፣ ቦራና ዳለቻ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ትከሻው የሰፋ፣ አባቴ ስሙን ሲጠሩት ጆሮውን የሚያቆም በሬ ነው። ቅዳሜ ገበያ ወርደው ቤቴ ሲያርፉ ጭንቀቴን አዩ። ምን እንደጎደለኝ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው እያሻሹ፦

«ታውቀዋለህ ዕቃውን?» አሉኝ።

«አውቀዋለሁ፣ አባባ።»

«አንተ ካወቅኸው ቦራን እሸጣለሁ። አዝመራው ገብቷል፣ እርሻ እስኪደርስ ጊዜ አለ። ዳለቻን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጀዋለሁ።»

መቀናጆ ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ፣ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያጣምድና በተራ ያርሳሉ። ዝናቡ ሲመጣ ተራው የማን እንደሚሆን እግዜር ነው የሚያውቀው። እኔ ይህን እያወቅሁ «ይቅርብን» አላልኩም። ካርዱን ፈልጌው ነበር።

ዳባት ውስጥ አንድ ነጋዴ የኮምፒውተር ዕቃ አስመጥቷል ተባለ። ታኅሣሥ ነበር፣ የገና ጾም። የቦራን ዋጋ ይዘን በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱ ዳር ያለው ሣር በአመዳይ ነጭ ሆኗል። አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ እህል በአፋቸው አልዞረም፤ እኔ ግን ዳባት እንደወረድን ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ትኩስ ድንች ገዝቼ እያፈርኩ በላሁ። የድንቹ ሙቀት እስከ አንጀቴ ደረሰ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ፣ ያቺን ቀን በደኅና የዋጥኩት የመጨረሻ ነገር እሱ ነበር።

ሱቁ ጠባብ ነው። መደርደሪያው ላይ ሁለት ካርቶን ቆሟል። ወረቀቴን አወጣሁ፤ ቁጥሩ ሁለቱም ላይ አለ! ልቤ ደነገጠ። አንዱ ቁጥሩ ብቻ ነው፣ «ሁለት ጊጋ» ይላል። ሌላው ከቁጥሩ ኋላ ሁለት ፊደል አስከትሏል፣ «አራት ጊጋ» ይላል፣ አራቷ ቁጥር እንደ ጡጫ ትልቅ ናት። ዋጋ ስጠይቅ ባለሁለቱ ከባለአራቱ ይወደዳል አለኝ።

«ትንሹ እንዴት ከትልቁ ይወደዳል?» አሉ አባቴ።

«አሠራሩ ነው አባቴ» አለ ነጋዴው።

ባለአራቱ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ዋጋ ነበር፤ መደርደሪያው ጫፍ ላይ የተለጠፈው ሌላ ነው፤ ከነጋዴው አፍ የወጣው ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ስጠይቀው «ያ የዱሮ ነው፣ ያኛው የሌላ ዕቃ ነው፣ አሁን ዶላር ጨምሯል» አለ፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «አንተ ባለሙያው እያለህ እኔ ምን ልበል? ታውቀው የለ!»

አባቴ አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ የነበረውን ነገር እስካሁን አልረሳሁትም፤ ኩራት ነበር። በዚያ ሱቅ ውስጥ የተማረው ልጃቸው ብቻ የሚያነበው ነገር አለ። ያ ሁለት ፊደል ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም። «አላውቀውም፣ ለአሥራት ልደውልና ልጠይቅ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አራት ከሁለት ይበልጣል፣ ዋጋውም ይረክሳል፣ ምን ቸገረኝ አልኩ በሆዴ።

«ይሄ ነው» አልኩ፣ ባለአራቱን እየጠቆምኩ።

አባቴ ግን ገና አልጨረሱም። «ዋስ ጥራ» አሉት ነጋዴውን።

«የምን ዋስ?»

«የዕቃው ነዋ! ልጄ ያለው ሆኖ ካልተገኘ የምይዘው ሰው።»

በእኛ አገር ከብት ሲሸጥ ሻጭ ዋስ ይጠራል። በሬው የስርቆት ከሆነ፣ ወይም ቀንበር ሲያይ የሚተኛ ከሆነ፣ ገዢው ዋሱን ይይዛል። ነጋዴው ሳቀ፤ እኔ በኀፍረት ጣራውን አየሁ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ከብት አይደለም። እሽጉን ሳትፈቱ ከመለሳችሁልኝ እኔው እቀይራለሁ» አለ።

«አንተ ነገ ብትሄድስ?»

ነጋዴው ለመገላገል ብሎ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የተቀመጠውን ልብስ ሰፊ ጠራው። ሞላ ይባላል፤ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ሜትር ያንጠለጠለ ሰው። «ምን እንደሆነ ባላውቅም ለጎረቤቴ ዋስ እሆናለሁ» አለ። አባቴ ስሙን ከነአባቱ ጠየቁት። ደብሩን ጠየቁት፤ «ጊዮርጊስ ነው» አላቸው። ሚስትና ልጅ እንዳለው ጠየቁት። ከዚያ ዓይን ዓይኑን እያዩ «እንግዲህ ዋስ ነህ?» አሉት። «ዋስ ነኝ አባቴ፣ ካልሆነ እኔን ይያዙኝ» አለ። የቦራ ዋጋ ነጋዴው እጅ ገባ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ካርቶኑን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ያ ሁለት ፊደል እንደ እሾህ ወጋኝ። አባቴ አጠገቤ ናቸውና መደወል አፈርኩ፤ ለአሥራት በጽሑፍ ላክሁለት። መንገዱ መካከል ያለችው ወቅን ከተማ ልንደርስ ስንል ስልኬ ነዘረ። «እንዳትገዛ! ፊደል ያለበት ስሙን ብቻ ነው የወሰደው፣ ውስጡ አሮጌው ነው። ኮምፒውተርህ ውስጥ ካለው ብዙም አይሻልም። ጊጋው አያታልልህ» ይላል።

ሁለቴ አነበብኩት፤ ሦስቴ አነበብኩት። እሽጉ አልተፈታም። ዳባት ከኋላችን ቅርብ ነው። «ወራጅ አለ!» ብል ሹፌሩ ይቆማል፤ ወርደን በሌላ መኪና እንመለሳለን፤ ነጋዴው ይቀይራል። ቃሉ ምላሴ ላይ መጣ። ዞር ስል አባቴ በመስኮት የሰው እርሻ እያዩ ፈገግ ብለዋል።

«የቦራ ነገር ቆጭቶኝ ነበር» አሉ። «አንተ ግን ያለ ጥርጥር ‹ይሄ ነው› ስትል ሆዴ ረጋ። መማር እንዲህ ነው።»

ቃሉን መልሼ ዋጥኩት። ወቅንን አለፍን።

ቤት እንደገባን ሊያዩ ፈለጉ። እሽጉን በጥርሴ ፈታሁት፤ ካርዱን ቦታው ላይ ሰካሁት። አባቴ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ስክሪኑ በራ፤ መቼስ ለመብራት አሮጌውም ይበራል። «ሠራ?» አሉኝ። «ሠራ» አልኳቸው። አማተቡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሙሽራው እንደ ቀድሞው እጁን ዘርግቶ ይቀራል። የሠርግ ባለቤቶች በር እየደበደቡ ይጮሁብኛል፤ እነሱን አልፈራኋቸውም። የፈራሁት ቅዳሜን ነው። ቅዳሜ አባቴ ገበያ ይወርዳሉ፤ እኔ ክፍሌን ቆልፌ እሳቸው የማያውቁት ሰው ቤት እውላለሁ። የበሬ ቃጭል በሰማሁ ቁጥር እሳቸው የመጡ ይመስለኛል። እነግራቸዋለሁ እያልኩ አንድ ሳምንት፣ በሚቀጥለው እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሌላ ሳምንት። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው። የካቲት አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ሳልሰማቸው ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እግራቸው አፈር ነው፤ የመቀናጆውን እርሻ ጀምረዋል።

«ሥራው እንዴት ነው?»

«ዕቃው ልክ አይደለም፣ አባባ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ። ይህን ብቻ አልኩ።

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው እቴ! ፊታቸው ጭራሽ ፈታ አለ። «ታዲያ ምን አስደነገጠህ? ዋስ አለን እኮ!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ሰኞ ዳባት ሄድን። መንገዱን ሙሉ ሳል ያዘኝ፤ ሳል ሳይሆን ፍርሃት ነበር።

ሱቁ ተዘግቷል። ማስታወቂያው ሳይቀር ተነቅሏል። ነጋዴው ከሄደ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ አንዱ መተማ ነው አለን፣ ሌላው ሁመራ ነው አለን። በረንዳው ላይ ሞላ ብቻ የልጅ ዩኒፎርም እየሰፋ ተቀምጧል። አባቴን ሲያይ እግሩ ፔዳሉ ላይ ቆመ። አወቃቸው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዕቃው አልሆነም?» አለ።

«አልሆነም፣ ወንድሜ» አሉ አባቴ።

ሞላ ተነሣ። ሳይከራከር፣ «እኔ ምን አገባኝ» ሳይል፣ አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር አውልቆ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠው። «ዋስ ነኝ ብያለሁ። ያለኝ ይሄው ነው» አለና መኪናውን በእጁ ነካ አደረገው። ከጀርባው መጋረጃ ተገልጦ ሕፃን ያዘለች ሴት አየችን፤ ወዲያው መጋረጃውን መለሰችው።

አባቴ መኪናውን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዕቃው ልክ እንዳልሆነ ያወቅኸው መቼ ነው?»

እንዲያ ፈርቼ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልፈራሁም። «ትናንት» ብል ማንም አያውቅብኝም። የሞላ መኪና ይሸጣል፣ አባቴ ወይፈን ይገዛሉ፣ እኔም ነፃ ነኝ። ሞላ ያየኛል። መጋረጃው ንቅንቅ አለ።

«የዚያኑ ዕለት» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ወቅን ሳንደርስ አውቄያለሁ። እሽጉም አልተፈታም ነበር።»

አባቴ ቢመቱኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ሜትሩን ከመኪናው ላይ አንሥተው መልሰው በሞላ አንገት ላይ አደረጉለት። «ተቀመጥ ወንድሜ፣ ሥራህን ሥራ። ዋስነቱን አውርጄልሃለሁ። በዕለቱ ብንመጣ ሰውዬው እዚህ ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ቤት ነው» አሉት። ሞላ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ከለከሉት።

ደባርቅ ደርሰን ሚኒባሱ ቆሞ ስንወርድ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ ሳያዩኝ እንዲህ አሉ፦ «ነጋዴውን ዋስ ጠራሁበት። አንተን ግን ያለ ዋስ አምኜህ ነበር።» ከዚያ ወደ ላይኛው መንገድ አቀኑ። ተከትያቸው ልሮጥ ፈለግሁ፤ አልሮጥኩም።

ነገሩን ከዚያ ወዲያ አላነሡብኝም። ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም፤ መርቀውም ዳሩኝ። ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው። እኔ ግን ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር ባየሁ ቁጥር እፈራለሁ። የሚያስፈራኝ ቁጥሩ አይደለም፤ አጠገቤ ቆሞ የሚያምነኝ ሰው ነው።

ልጄ ስልኳን እንደደቀነች ናት። «እና የቱ ነው አባ? አንተ ታውቀው የለ እንዴ?» አለች።

«አላውቀውም፣ ልጄ» አልኳት።

«እሺ፣ የሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን» አለችና እንደ ዋዛ ስልኳን ይዛ ሄደች። ነገሩ ለካስ ይሄን ያህል ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ዳባት ቆሜ ያቺን አንዲት ቃል ብላት ኖሮ፣ አባቴ ሁለት ክረምት በሰው በሬ ተራ እየጠበቁ ባላረሱ ነበር።