ከደጃችን የተቀዳ ውሃ

ውሻው የሚስቴ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህም የእኔ አልሆነም። አመሻሹ ላይ ከብሎካችን ይወጣና ከአስፋልቱ ማዶ፣ የፍሳሹ ቦይ ዳር ሄዶ ይቀመጣል። ሰዉ ቆሻሻ ሸቶት ነው ይላል። አይደለም። እዚያ የድሮው ቤታችን በር ነበር። ዛሬ የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ እኔ ጤፍ አርሼበታለሁ። ሚስቴ ከገበያ ስትመለስ ውሻው፣ ያኔ ቡችላ ነው፣ እዚያው በር ላይ ይጠብቃት ነበር።

እግሩን ከግንባታ የተረፈ ብረት ወጋው። ቁስሉ መግል ያዘ። ልጄ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያደርገው ካፕሱል እየከፈተች ዱቄቱን ነሰነሰችበት። ደረቀ ስንል መልሶ ይፈነዳል።

ከእኛ በላይ ያለውን ቤት የተከራየች የእንስሳት ሐኪም አለች፤ ሥራዋ ላብራቶሪ ነው። መግሉን በጥጥ ጠርጋ ወሰደች። ስትመለስ ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

«አባባ፣ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሞከርንበት። ባክቴሪያው ለምዶታል፤ አንዱም አይገድለውም።»

«እና ይሙት ነው የምትይኝ?»

«እግሩን መቁረጥ ነበር። በዚህ ዕድሜው ግን አይችለውም።»

ልጄ ያደገችው አክስቷ ዘንድ ነው። ያንን ቤት የምናውቅ እሱና እኔ ብቻ ቀርተናል። እሱ ከሞተ፣ በሩ እዚህ ጋ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

«አንድ ነገር አለ» አለች ሐኪሟ። ባክቴሪያ ብቻ እየፈለገ የሚበላ ቫይረስ አለ። ፌጅ ይሉታል፤ እንዳለችኝ ነው የጻፍኩት። ሰውም ውሻም አይነካም። መገኛው ግን ቆሻሻ ውስጥ ነው። «ሙከራ ነው፤ ይድናል ብዬ ቃል አልገባም። የፍሳሽ ውሃ ያምጡልኝ።»

«ትቀልጃለሽ?»

«አልቀልድም አባባ። በጣም የቆሸሸው ይሻላል።»

ልጄ እኔ ቦይ ውስጥ ስርመጠመጥ በመታየቴ አፍራ ራሷ ቀድታ ሰጠቻት። ሐኪሟ ከውሃው ምንም አላገኘችም። ጠርሙሱን ይዛ መጥታ፣ «ይሄ በረኪና በረኪና ይላል» አለች።

ልጄ ተቆጣች። «ታዲያ ለሰው የሚሰጥ ነገር እንደቆሸሸ ይሰጣል? ጠርሙሱን አጥቤ ትንሽ ጠብ አደረግኩበት።»

«የምፈልጋቸውን እኮ ነው የፈጀሻቸው!» ሐኪሟ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ውሻው ያን ሰሞን ምግብ ትቶ ነበር።

ራሴ ሄድኩ። የኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ጠበል ፈለቀ እንዴ?» አለኝ።

«ላንተም ልቅዳልህ?»

ውሻው እያነከሰ ተከትሎኝ ከቦታው ተቀመጠ። ጎንበስ ስል ከቦዩ ግድግዳ ስንጥቅ ጥርት ያለ ውሃ ሲንጠባጠብ አየሁ። የድሮው ቤታችን ምንጭ ነው። ዶዘር ደፍኖታል ብለን ትተነው ነበር። ለካ ሥር ለሥር ሲሄድ ኖሯል፤ ሚስቴ ትቀዳው የነበረው ውሃ ዛሬ ከሰው እድፍ ጋር ይወርዳል። ከጀርባዬ እንደ ድሮው ሰው ለመቅዳት ተራውን የሚጠብቅ መሰለኝ። አልዞርኩም። ከሁለቱ ውሃዎች መገናኛ ቀድቼ ሄድኩ።

ሐኪሟ ኋላ አንድ ትንሽ ክብ ሳህን አሳየችኝ። የውሻዬ ባክቴሪያ እንደ ጉም ሸፍኖታል። መሀል መሀሉ ላይ ግን ባዶ ባዶ ቦታ አለ፤ አንበጣ ያረፈበት ማሳ ይመስላል።

«ፌጆቹ በሉት» አለች። «እርስዎ ካመጡት ውሃ የወጡ ናቸው።»

እነሱን አራብታ፣ አጣርታ፣ እየመጣች ቁስሉ ላይ ታንጠባጥብ ጀመር። «ና» ስትለው ንቅንቅ አይልም።

«‹ኮቱ› በይው» አልኳት። ሚስቴ በኦሮምኛ ነበር የምትጠራው።

አለችው። ውሻው ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ እሷን አልፎ በሩን አየ።

መግሉ ቀነሰ። ሽታው ጠፋ። ከዳር ቀይ ሥጋ እየሞላ መጣ። ቁስሉ ከገጠመ በኋላ አንድ አመሻሽ ተነሥቶ ወጣ፤ ተከተልኩት። ቦዩ ዳር አጠገቡ ቁጭ አልኩ። የታክሲ ረዳቶች «መገናኛ! መገናኛ!» ይላሉ። ድንገት ጆሮውን አቆመ። በመንገዱ ማንም አይመጣም። እሱ ግን ተነሣ፤ የዳነውን እግሩን አጥብቆ ረገጠና ጅራቱን እየቆላ ሄደ።

እኔም የሚስቴን የገበያ ሸክም ልቀበላት ብዬ እጄን መሬት አስደግፌ ተነሣሁ።