የጅቡ ተረትና የፈረንጅ ጌሾ

ልጅ ሳለሁ፣ ጉለሌ ከእንጦጦ ግርጌ በነበረው ግቢያችን፣ ጊዜ የሚለካው በእማማ ደብሪቱ ተረት ነበር። እማማ ደብሪቱ የአባቴ አክስት ናቸው። የግድግዳ ሰዓት ይዋሻል ብለው ስለሚያምኑ እንቁላል ሲቀቅሉ የቁንጫን ተረት፣ ባቄላ ሲጥዱ የዝንጀሮን ተረት ያወሩልን ነበር። የጅቡ ረጅም ስለሆነ የሚወጣው ለበዓል ቅቅል ብቻ ነው። «ተረቴን መልሱ» ሲሉ ድስቱ ይወርዳል። አንድም ቀን አሮባቸው አያውቅም።

ያኔ አጎቴ መስፍን የአንድ ፈረንጅ ሹፌር ነበር። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ቤት ውስጥ ቢራ የሚጠመቅበት ካርቶን ተወለት፤ እንደ ማር የወፈረ የብቅል ጭማቂ፣ እርሾና ሦስት ትንንሽ ከረጢት እንክብል የፈረንጅ ጌሾ ነበረበት። አጎቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ትዕግሥት የምትባል ልጅ ወዶ ልቡ ጠፍቷል። አባቷ፣ ሽሮ ሜዳ ጋቢ የሚሸጡት አቶ ቸርነት፣ ሽማግሌ ከመቀበላቸው በፊት ልጁን በዓይናቸው ሊያዩት ከአንድ ወር በኋላ እቤታችን ሊመጡ ነው። አጎቴ «በገዛ እጄ የጠመቅኩትን ቢራ አጠጣቸዋለሁ» ብሎ ፎከረ። ፉከራው አባትየው ጆሮ ደረሰና መመለሻ ጠፋ።

ቢራው በተጠመቀ ቀን አመሻሹ ላይ መብራት ሄደ፤ የአጎቴም ስልክ ባትሪ ጨረሰ። ድስቱን ግቢው ውስጥ በባሕር ዛፍ እንጨት ጥደን፣ አጎቴ መመሪያውን በፋኖስ አነበበልን። አንዱ ከረጢት ለምሬት ነው፤ እንደፈላ ይገባና አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈላል፣ ከዚያ ካለፈ ግን አይጠጣም። ሁለቱ ለሽታ ናቸው፤ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይጨመራሉ።

እማማ ደብሪቱ ጌሾውን መዳፋቸው ላይ ዘርግፈው አሸተቱት። «ይኼ የዶሮ መኖ ነው እንጂ ጌሾ ነው? ለማንኛውም ሰዓቱን ለእኔ ተወው። አንድ ሰዓት ማለት ጅቡ ነው።»

ጅቡ ለአህያ ልጅ ሽማግሌ የላከበት ተረት ነው። ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው፣ ፍሙ ጉልበቴን እያሞቀው፣ ተረቱ እንዳያልቅብኝ ፈራሁ።

«ሽማግሌዎቹ ምን ለብሰው ሄዱ?» አልኩ። እማማ አለበሷቸው። «ምን ቀረበላቸው?» አበሏቸው። «ሙሽራዋ እናት የላትም?» ስል እናት ተገኘችላት፤ እናትየዋም ሁለት ነገረኛ እህቶች ይዛ መጣች።

«እማማ፣ አልደረሰም እንዴ?» አለ አጎቴ።

«ዝም በል አንተ! ገና ጥሎሽ አልመጣም።»

«ተረቴን መልሱ» ሲባል ፋኖሱ ጋዝ ሊጨርስ ምንም አልቀረው፤ ድስቱ ውስጥ ያለውም ተንኖ ግማሽ ቀርቶ ነበር። ሁለቱ ከረጢቶች ገቡ፤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

አቶ ቸርነት በቀጠሯቸው መጡ። አንድ ጊዜ ተጎነጩና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የእኛ ቢራ ኮሶን ያስመሰግን ነበር። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ አለቀስኩ፤ በእኔ ጥያቄ ብዛት አጎቴ ሚስት ሊያጣ ነው።

«ማነው የጠመቀው?» አሉ።

እማማ ደብሪቱ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አጎቴ ወደ እሳቸውም ወደ እኔም ሳይዞር «እኔ ነኝ» አለና የራሱን ብርጭቆ ፊቱን ሳያጨማድድ እስከ አተላው ጨለጠው።

አቶ ቸርነት አዩት፣ አዩት። «ልጄ ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች» አሉ በመጨረሻ። «ይኼን የቻለ ያንን አያቅተውም። ሽማግሌዎችህን ላክ፤ ቢራውን ግን እንዳትልክ።»

እማማ ደብሪቱ ካረፉ ቆዩ፤ በጣም ይናፍቁኛል። እኔም ዛሬ እንደዚያ ያለ ካርቶን እየገዛሁ እጠምቃለሁ፤ ሰዓቱን የሚይዝልኝ ስልኬ ነው። ባለፈው እሑድ የመጀመሪያውን ጌሾ ጨምሬ ለልጄ የጅቡን ተረት ጀመርኩላት። መሀል ላይ ስልኩ ጮኸ። ልጄ ግን እጄን ያዘችና «እማዬ፣ ሽማግሌዎቹ ምን ለብሰው ነበር?» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። ቢራው እንደፈለገ ይምረር፤ ገና ጥሎሽ አልመጣም።